እናት ጾሙን ሲረሱ

አንዲት እናት በካልጋሪ ከተማ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ገብተዋል እንበል። ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንና ፍልሰታን ሳያጓድሉ የኖሩ ናቸው። አሁን አልዛይመር ይዟቸው ቀኑንም ወሩንም አይለዩም። ዓርብ ጧት አጠገባቸው ለተቀመጡት ሴትዮ እንቁላል ሲቀርብ አይተው እጃቸውን ይዘረጋሉ። ተንከባካቢዋ ትስጣቸው ወይስ ትከልክላቸው?

በዚህ ጉዳይ አዋቂዎች ለሁለት ተከፍለዋል። አሜሪካዊው የሕግ ፈላስፋ ሮናልድ ድዎርኪን በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው በጤናው ዘመን የቆረጠው ነገር ከታመመ በኋላም ሊከበርለት ይገባል ብሎ ተከራከረ። የሕግ ምሁሯ ሬቤካ ድሬሰር ደግሞ ፊታችን ያለችው የዛሬዋ ሰው ናት፤ ደስታዋም ሥቃይዋም የዛሬ ነው ስትል ሞገተችው።

ነገሩ ሥር አለው። በ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊው ጆን ሎክ የሰውን ማንነት ከትውስታ ጋር አስተሳስሮት ነበር። ሐሳቡን እስከ ጫፍ ከወሰዱት፣ ትውስታ ሲከዳ ሰውየውም አብሮ ይሄዳል። በብራድፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ቶም ኪትዉድ ግን በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ፣ ሰው የመሆን ክብር በዙሪያው ባሉት ሰዎች የሚጠበቅ ነው አለ። ክፋት ሳይኖር ክብሩን የሚገፉ ልማዶችንም ዘረዘረ፦ አዋቂን እንደ ሕፃን ማባበል፣ ማጣደፍ፣ ባለበት እንደሌለ ቆጥሮ ስለ እሱ ማውራት።

ይህ የፈረንጅ ተቋም ጥፋት ብቻ አይደለም። ልጅ ሊጠይቅ መጥቶ እናቱ አጠገብ ቆሞ፣ «እማዬ'ኮ አሁን ምንም አታውቅም» ይላል። የእናት ፊት ይጠቁራል።

ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክ፣ በምዕራፍ 3፣ የአባቱ አእምሮ ቢደክም እንኳ ልጅ እንዲታገሠውና እንዳያዋርደው ያዛል። የተጻፈው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዘመን ነው። ከኪትዉድ በፊት ይህ ትምህርት በእጃችን ነበር።

እንቁላሉ? ይሰጣቸው። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን በጾም አታስጨንቅም፤ እሳቸውም በጤናቸው ይህን ያውቁ ነበር። የቀረበው የአሳማ ሥጋ ቢሆን ግን ፍርዱ ሌላ ነው፤ እሱን ጾም ቢፈታም አይቀምሱትም ነበር። ከፊሊፒንስ የመጣች ተንከባካቢ ይህን ልዩነት ካልነገሯት ከየት ታምጣው? በዚያ ላይ በዚህ በሽታ ኋላ የተማሩት ቋንቋ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ይጠፋል። እንግሊዝኛው ሲሸሽ እናት «ውኃ፣ ውኃ» ይላሉ፤ የማይሰማቸው ሰው ቅዠት ነው ይላል።

ካልጋሪ የምትገኝበት የካናዳዋ የአልበርታ ክፍለ ግዛት ሕግ ለዚህ አንድ በር ከፍቷል። ፐርሰናል ዳይሬክቲቭ በሚባለው ሰነድ ማንኛውም አዋቂ፣ አእምሮው ሳይደክም፣ ወኪሉን ሰይሞ እንዴት መኖርና መታከም እንደሚፈልግ መጻፍ ይችላል። ጠበቃ ግዴታ አይደለም፤ ፊርማ፣ ቀንና ምስክር ይበቃል። ካልጋሪ ያላችሁ ልጆች፣ ወላጆቻችሁን ዛሬ ጠይቁ፤ የሚበሉትን፣ የሚጸልዩበትን ሰዓት፣ መጠራት የሚወዱበትን ስም ከነሱው አፍ ሰምታችሁ ጻፉ።