የማን በዓል፣ በማን ኪስ?

ደብረ ኤልያስ ያደገ ሰው ወሩን በቁጥር አይጠራም። ሲቀጥር «ለሚካኤል» ይላል፤ ዕዳውን ለመክፈል ቃል ሲገባ «ከማርያም በፊት»፣ በሬውን ሊሸጥ ሲያስብ ደግሞ «በመድኃኔዓለም ማግስት»። 12፣ 21 እና 27 ለኛ ቁጥሮች አይደሉም፤ ስሞች ናቸው። በበዓል ቀን ሞፈርና ቀንበር ይሰቀላል። በበዓል ያረሰ ሰው በረዶ ይጠራል ይባላል፤ በረዶው ደግሞ የጥፋተኛውን ማሳ ብቻ መርጦ አይወርድም። ስለዚህ ጎረቤቱ «ተው እንጂ!» የማለት መብት አለው። የአንዱ ሥራ የሁሉ ጉዳይ ነው።

ይህ ሥርዓት ለገበሬ የተሠራ ነው። ለማርያም ያላረሰ ገበሬ በማግስቱ ያርሳል፤ መሬቱ ይጠብቀዋል። የቀን ሠራተኛ ግን የሚጠብቀው መሬት የለውም። ያመለጠው ቀን አመለጠ፤ ከነክፍያው።

የኔ ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፦ የበዓሉ ባለቤት ያልሆነ ሰው፣ ለበዓሉ ሲባል ሥራው ሲቆም፣ የዚያን ቀን እንጀራ ማን ይከፍላል?

ነገሩን በሩቁ እንዳላወራው፣ አንድ የማውቀውን ግንበኛ ላንሳ። ሙስሊም ነው። በኛ አካባቢ አብዛኛው ሰው ኦርቶዶክስ ስለሆነ ሳይቱ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በቤተክርስቲያኑ ቀን ነው። ሚካኤል፣ ማርያምና መድኃኔዓለም ይዘጋል። አራቱን እሑዶች ስትጨምሩበት፣ ቀኖቹ ካልተገጣጠሙ፣ ከሠላሳው ሰባቱ ሄደ ማለት ነው። የሱ ኢድ ሲደርስ ደግሞ የሚያውለው በራሱ ኪስ ነው፤ ያልሠራበት ቀን አይከፈለውምና። ሰውየው አይማረርም። «ያገሩ ወግ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው አለመማረሩ ነው። በብዙኃን መካከል የሚኖር ጥቂት ሰው ዝም ሲል ተስማምቶ ነው ወይስ ቢናገርም የሚሰማው እንደሌለ አውቆ?

«ሕግ የለም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። አለ፤ ጥሩም ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ላይ ሠራተኞች ከሚኖሯቸው መብቶች መካከል ክፍያ የሚታሰብባቸውን የሕዝብ በዓላት ጠቅሷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በወር ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ በሕዝብ በዓል ቀን ስላልሠራ ደመወዙ አይቀነስም ይላል። በወር የማይከፈለውስ? እሱን ለሥራ ውሉ ወይም ለኅብረት ስምምነቱ ይተወዋል። እስቲ አስቡት፦ ጠዋት አደባባይ ቆሞ «ዛሬ ሥራ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የትኛውን ውል ገልጦ ይሟገታል? ማርያምና ሚካኤል ደግሞ በየወሩ የሚመጡ የሃይማኖት በዓላት እንጂ በሕግ የታወጁ የሕዝብ በዓላት አይደሉም። ግንበኛው እንግዲህ ሁለት ጊዜ ከሕጉ ጥላ ውጭ ነው፤ አንድም በአከፋፈሉ፣ አንድም በቀኑ።

እዚህ ለመድረስም ብዙ ተኪዷል። ከአብዮቱ በፊት የሙስሊሙ በዓላት በመንግሥት የማይታወቁ ነበሩ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች በብዛት ሰልፍ ወጡ፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጥተዋል። ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ በዓሎቻችን የአገር በዓል ይሁኑ የሚል ነበር። በ1967 ዓ.ም. ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ከገና፣ ከጥምቀት፣ ከመስቀል፣ ከስቅለትና ከፋሲካ ጎን በአዋጅ ተሰለፉ።

ይህ መፍትሔ አንድ ትልቅ ጥበብ አለው፦ የሠራተኛውን ሃይማኖት አይጠይቅም። በአረፋ ክርስቲያኑም ያርፋል፤ በገና ሙስሊሙም ያርፋል። በሕዝብ በዓል የሠራ ሰው በሰዓት ክፍያው እጥፍ ያገኛል፤ በዓሉ የማንም ይሁን። ሆስፒታልና ሆቴል የሚሠሩ ሰዎች ያውቁታል፦ «አንተ ገና ላይ ግባልኝ፣ እኔ አረፋ ላይ እገባልሃለሁ» ተባብለው ሽፍት ይለዋወጣሉ። እጥፉን ያገኘው በዓሉን የማያከብረው ሰው ሆነ ብሎ የሚቀየም የለም። እጥፉ ለእምነት የተሰጠ ሽልማት አይደለማ፤ ሌላው ሲያርፍ ለሠራ ሰው የሚከፈል ዋጋ ነው።

ሃይማኖትን የሚጠይቅ ሕግ ምን እንደሚያመጣ ኦስትሪያ አሳይታለች። እዚያ አገር የስቅለት ዓርብ በክፍያ የሚታረፍበት ለተወሰኑ አብያተ ክርስቲያናት አባላት ብቻ ነበር፤ በዚያ ቀን ከሠሩም ተጨማሪ ይከፈላቸዋል። የነዚህ አብያተ ክርስቲያናት አባል ያልሆነ አንድ ሠራተኛ «እኔም በዚያ ቀን ሠርቻለሁ፣ ለምን አይከፈለኝም?» ብሎ ከሰሰ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ይህ በሃይማኖት ምክንያት ማበላለጥ ነው ሲል ፈረደ። መንግሥት ታዲያ ምን አደረገ? ለሁሉም አልሰጠም፤ ከነበራቸውም ወሰደ። በምትኩ እያንዳንዱ ሠራተኛ ከራሱ የዓመት ፈቃድ ላይ አንድ ቀን መርጦ እንዲያርፍ ፈቀደ። እኩልነት መጣ፤ ግን ወደ ታች። «ለሁሉም እኩል ይሁን» ስንል፣ ሁሉም እኩል ይጣ ማለት እንዳልሆነ አብረን መናገር ያለብን ለዚህ ነው።

ወደ ኤልያስ ልመለስ። ሁለት ዓይነት ተቃውሞ እንደሚነሳብኝ አውቃለሁ።

አንደኛው ከአሠሪው ነው፦ «ሲሚንቶ ላልተቦካበት ቀን ልክፈል?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ትንሽ ኮንትራክተር ለሁሉም ቅዱሳን ሙሉ ክፍያ ቢጠየቅ ይዘጋል፤ ከተዘጋ ደግሞ ለግንበኛውም አይበጅም። ሁለተኛው ከምእመኑ ነው፤ ከኔው ቤትም ይመጣል፦ «በዓል የነፍስ ነገር ነው፤ እንዴት በገንዘብ ትለካዋለህ?»

ለምእመኑ መልስ ልስጥ፤ ለአሠሪውም የሚሆነው ከሱ ይወጣል። በዓል ማክበር ክብሩ ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑ ነው። እናቴ ለማርያም ሥራዋን ስታቆም የራሷን ቀን ሰጥታ ነው። ስጦታ የሚሆነውም የራሷ ስለሆነ ነው። እኔ በዓሌን አክብሬ የሌላው ሰው ክፍያ ሲቀር ግን የሰጠሁት የሱን ነው። በጎረቤት በግ ስለት አይገባም። ስለዚህ በዓሉን በገንዘብ የሚያረክሰው ስለ ግንበኛው ክፍያ መጠየቁ አይደለም፤ ክፍያውን በዝምታ መውሰዱ ነው።

በረዶውንም አንርሳ። ሁሉም ሥራ ያቁም የምንለው፣ በረዶው ለሁሉም ነው፣ በረከቱም ለሁሉም ነው ብለን አይደል? ጥቅሙ የጋራ ከሆነ ወጪውም የጋራ መሆን አለበት። ጎረቤቴን «ተው» ለማለት መብት የሚሰጠኝ ያው እምነት፣ ጎረቤቴ ስላጣው ቀን እንዳስብም ያስገድደኛል። አንዱን ይዤ ሌላውን መጣል አልችልም።

በተግባር ምን ይደረግ? ሰማይ መቧጠጥ አያስፈልግም። ሳይቱ የሚዘጋባቸው ቀኖች ሰው ሲቀጠር በግልጽ ይነገሩ፤ የቀን ሒሳቡም ይህን አስቦ ይቆረጥ። በዓሉ የሱ ላልሆነ ሠራተኛ፣ አካባቢው የማይቀየምበት ሥራ ካለ፣ ዕቃ መቁጠር ይሁን መጋዘን መጠበቅ፣ ይሰጠው። ከሌለም በሌላ ቀን ሰዓት ጨምሮ የሚያካክስበት መንገድ ይኑር። ለኢዱም ያው ይደረግ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓርብ ዓርብ የምሳ ሰዓትን ከ5፡30 እስከ 7፡30 ማድረጋቸውን ተመልከቱ። ሙስሊሙ ለጁምዓ ይሄዳል፤ ሌላው ሻዩን ይጠጣል፤ የማንም ደመወዝ አይነካም። ሰዓቱን ትንሽ ማሸጋሸግ ብቻ ነው የፈለገው።

እኔ ማርያም ቀን ሳይቱ ይከፈት አላልኩም። ይዘጋ። የተዘጋበትን ዋጋ ግን የበዓሉ ባለቤቶች አብረን እንሸከመው። ደመወዝተኛው በበዓል ቀን ቤቱ ቁጭ ብሎ ቡናውን ሲጠጣ፣ የቀን ሠራተኛው ሌላ ሰው ላከበረው በዓል የራቱን ዋጋ እየከፈለ ከሆነ፣ በዓሉ ገና ለሁላችንም አልደረሰም።