የቀሩት ሁለት ሸክላዎች

መሪ በሚባል ሰፈር አጥር ለአጥር የሚዋሰኑ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ። አንደኛው የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ ሌላዋ እንጀራ ጋግረው ልጆች ያሳደጉ እናት። አንድ ዓመት ሁዳዴ ሲጋመስ ሁለቱም ለፋሲካ የሚሆን የጥብስ ምድጃ በጓሯቸው ሊሠሩ ተነሡ።

ሹፌሩ አላመነታም። ብሎኬት አስጫነ፣ ሲሚንቶና አሸዋ ገዛ፣ ግንበኛ ቀጠረ። ምድጃው ውስጡ ተለሰነ፣ ውጪው ሴራሚክ ለበሰ። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ እሳቱን እንዳያስቸግረው ብሎ አንድም ቀዳዳ አላስቀረም።

እናትየው ከፈረሰው ማድ ቤታቸው የተረፈውን ሸክላ ለቀሙ። የተጣበቀበትን አሮጌ ሲሚንቶ በመጥረቢያ ጀርባ እያራገፉ ደረደሩት። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክተው አሳደሩት፤ እሳት በሚነካው ቦታ ሲሚንቶ እንደሚሰነጠቅ፣ ጭቃ ግን እየተተኮሰ እንደሚጠነክር የዘመናት ምድጃ አስተምሯቸዋል። የልጅ ልጃቸው ለፍርግርግ ይሆናል ብሎ የተጣለ የፍሪጅ መደርደሪያ ይዞ መጣ። "ይሄ የተቀባ ነው፤ ሲግል ጭሱ የሚያርፈው ስጋችን ላይ ነው" ብለው መለሱት። ከቁራሌ ቁርጥራጭ ፌሮ ገዝተው በጥቁር ሽቦ አሰሩ። አንዱን ፍርግርግ ከሰል እንዲሸከም ከአምስተኛው ረድፍ ላይ፣ ሌላውን ለስጋው ከአናቱ አጋደሙ።

በየረድፉ 8 ሸክላ፣ ረድፉ 8፤ ሲደመር 64 ነው። እሳቸው የገነቡት 62 ብቻ ነበር። ከግርጌው ረድፍ አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ ሳያስገቡ ተዉት።

ሹፌሩ በአጥሩ ላይ አሻግሮ አየና አንጀቱ ተላወሰ። "እትዬ፣ ሸክላ አለቀብዎት እንዴ? ከቤቱ ግንባታ የተረፈ ሁለት አይጠፋም፤ ላምጣልዎት።"

"እግዜር ይስጥልኝ የኔ ልጅ" ብለው ተቀበሉት። በጭቃ ግን አልለጠፏቸውም፤ በየቀዳዳው አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጧቸው። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ እፍኝ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ብቻ ያነዱበት ጀመር፤ በግንቡ ውስጥ ያለው ውሃ ሳይቸኩል እንዲወጣ።

የፋሲካ ዕለት የቅርጫው ስጋ ገባ። ሹፌሩ ከሰሉን ሞላ፣ ለኮሰ፣ አራገበ። ጭስ ብቻ። መሪ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከጅቡቲ ወደብ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ ከሰል ከሥሩ መተንፈሻ ካጣ ደግሞ በገዛ አመዱ ይታፈናል። እልህ ይዞት ጋዝ ሲያርከፈክፍበት ነበልባሉ ቦግ አለ፤ ውሃውን ያልጨረሰው አዲስ ልስን ጧ ብሎ ተሰነጠቀ።

ከአጥሩ ወዲያ እናትየው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ፍሙ ሲደክም የፊቱን ሸክላ በጫማቸው ጫፍ ገፋ ያደርጉታል፤ እሳቱ ይነቃል። ስቡ ተንጠባጥቦ ነበልባል ሲነሣ መልሰው ወደ ቀዳዳው ያስጠጉታል፤ ይረጋል። እጃቸው ከስጋው አልተለየም። እግራቸው ብቻ ትሠራለች፤ ገፋ፣ መለስ፤ ገፋ፣ መለስ።

ሹፌሩ ስጋውን በትሪ ይዞ መጣ። "እትዬ፣ እዚህ ልጥበሰው?"

"ና ቁጭ በል። ምድጃውን የሚነዳልኝ ያንተው ሸክላ አይደል?"

እስቲ ሒሳቡን እንየው። ሹፌሩ የገዛው ሁሉ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ግንበኛውም አላጣመመም። የጎደለው ነገር ግን በየትኛውም የሕንፃ መሣሪያ መደብር አይሸጥም፤ ስለዚህ ከሚገዛው ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ጎረቤቱንም በክፉ ዓይን አላየም። ክፍተቱ ማጣት መሰለውና ሊደፍንላቸው ሸክላ ይዞ መጣ። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ደግነት ነው። ልጅ ከሰዓት በኋላ ሥራ ፈትቶ ሲያዩት አስጠኚ ይቀጠርለታል። አዛውንት ዝም ሲሉ ቴሌቪዥን ይከፈትላቸዋል። ከግቢው የተረፈችውን ዝናብ የምትጠጣ መሬት ሲሚንቶ ያለብሷታል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ከፍቅር ነው።

እናትየው ደግሞ ሸክላውን "አያስፈልገኝም" ብለው እንዳልመለሱ ልብ በሉ። ተቀበሉት፣ አመሰገኑ፤ ጭቃ ብቻ አላስነኩትም።