ወንድም ሴትም የሆነው ጠላቂ

አንዲት ገጣሚ በሴትነቷ የደረሰባትን ስትጽፍ ኖራ በአንድ ግጥሟ ወንድም ሴትም ሆና ብትናገር ምን አገኘች እንበል? የተነፈገችውን ሙሉ ሰውነት ማስመለሷ ነው ወይስ ገና አሁን የተፈታ አንደበቷን መልሳ ማሰሯ? ይህን የሚያስጠይቀኝ የአሜሪካዊቷ የኤድሪየን ሪች ግጥም ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው «ወደ ስባሪው መርከብ መጥለቅ» የተሰኘው መድበሏ ስሙን ባገኘበት ግጥም፣ ተናጋሪው የጥንት ተረቶችን መጽሐፍ አንብቦ፣ ካሜራና ቢላዋ ይዞ፣ የመጥለቂያ ልብስ ለብሶ፣ ብቻውን በመሰላል ወደ ባሕር ይወርዳል። የሚፈልገው ስለ መርከቡ የተወራውን ሳይሆን መርከቡን ራሱን ነው። ከታች ሲደርስ ግን ወንድም ሴትም ሆኖ እናገኘዋለን።

መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የቨርጂኒያ ዉልፍ ነው። ዉልፍ በ1929 ባሳተመችው «የራስ ክፍል» ገጣሚውን ኮልሪጅን ጠቅሳ፣ የታላቅ አእምሮ ምልክቱ የወንድም የሴትም መሆኑ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች ሲስማሙ አእምሮ ፍሬ ያፈራል ትላለች። በዚህ ልረካ ስል የሃያሲዋ የኢሌን ሾዋልተር ክስ ይመጣብኛል። ሾዋልተር በ1977 ይህን አሳብ ሽሽት ብላዋለች፤ ዉልፍ የሴትነቷን ቁጣና ሕመም ከመጋፈጥ ይልቅ ከጾታ በላይ ነው ባለችው ስፍራ ተጠለለች ባይ ናት። የሪች የራሷ መንገድ ክሱን ያጠነክርብኛል። የመጀመሪያ መድበሏ በ1951 ሲወጣ መቅድሙን የጻፈው ገጣሚው ኦደን ግጥሞቿን ያመሰገነው ጨዋና ታላላቆቻቸውን አክባሪ ናቸው ብሎ ነበር። በ1963 ባወጣችው መድበል ስለ ሴት ኑሮ በግልጽ ስትጽፍ እንኳ «እኔ» ለማለት ድፍረት አጥታ «እሷ» እንዳለች ኋላ በድርሰቷ ተናግራለች። እዚህ ለመድረስ ይህን ያህል የደከመች ሴት ድምፁ እጇ በገባ ማግስት ለሁለት ብታካፍለው፣ ያ በወጣትነቷ የተማረችው፣ የሁሉም ነኝ እያለ በወንድ ልክ የተሰፋው ድምፅ ተመልሶ መምጣቱ አይደለምን? ሪች ራሷም በ1978 ባሳተመችው መድበል፣ ወንድም ሴትም መሆን የሚባለውን አሳብ የቀደሙ ሴቶችን ቁጣና ጽናት የማይሸከም አድርጋ በማየት ስሙን ዳግም ላለማንሳት ወስናለች።

ክሱን ተቀብዬ እንዳልቆም የሚከለክለኝ ግጥሙ ነው። ጠላቂው ሁለት የሆነው የት ነው? በፍርስራሽ መካከል ነው። የመርከቡን መዝገብ ውሃ በልቶታል፣ ኮምፓሱ ተበላሽቷል፤ ጠላቂውም ከሰጠመው ሰውና ከእነዚህ ዕቃዎች ጋር አንድ ይሆናል። በዉልፍ ዘንድ ሁለቱ ወገኖች የሚገናኙት በሙላት ነው፤ እዚህ የሚገናኙት በጉዳት ነው። ከዚህም በላይ ያ የተረት መጽሐፍ የሁለቱን ስም አይጠራም። በወንድ ልክ የተሰፋው ድምፅ የመጽሐፉ ባለቤት ነበር፤ ይህ ግን ከመጽሐፉ የተተወ ነው። የፊተኛው አካሉን ሰውሮ ይናገራል፤ ጠላቂው ፀጉሩንና ጡቱን እያሳየ ይናገራል። ስለዚህ የድሮው ድምፅ ተመለሰ ማለት አልችልም።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ጉዳቱ የጋራ ከሆነ መርከቡን ማን አሰጠመው? ግጥሙ አይመልስም፤ ይህንም ጉድለት ብሎ የሚቆጥር ሰው ተሳስተሃል አልለውም። ሆኖም ሪች በ1974 የብሔራዊ መጽሐፍ ሽልማትን ለዚሁ መድበል ስትቀበል ከገጣሚዎቹ ከኦድሪ ሎርድና ከአሊስ ዎከር ጋር ሆና በሴቶች ሁሉ ስም መቀበሏ፣ ማን ዝም እንዲል እንደተደረገ ጠንቅቃ ማወቋን ያሳያል። በግጥሙ ውስጥ ሁለቱን ያዋሐደችው ጥፋቱን ለማድበስበስ ነው የሚለው ለዚህ አይመስለኝም። ሎርድም ብትሆን ሪች አሳቡን ከጣለች ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1982 በታተመው «ዛሚ» በተሰኘው መጽሐፏ መግቢያ ላይ ወንድም ሴትም የመሆን ምኞቷን አንስታለች። ግን ከካሪቢያን ወደ ኒውዮርክ የተሰደዱ ጥቁር ወላጆች ልጅ ናትና የምትጠራው ሁለት ረቂቅ ግማሾችን ሳይሆን እናቷንና አባቷን ነው፤ ከሁለቱም ብርቱውን ወስዳ በራሷ ልትይዝ። እንዲህ ያለው ምኞት የቀደሙትን ቁጣና ጽናት ይዞ ይመጣልና የሪች ክስ አይደርስበትም። የሪች ጠላቂ ግን እናትም አባትም አገርም አልተሰጠውም፤ ክሷ በገዛ ግጥሟ ላይ ይጸና እንደሆነ እስካሁን የምጠራጠረው በዚህ ነው።