«አየሁ»

ሰው ለሰው የሚያሳየው ራሱ ያየውን ነው ወይስ ሌላው ሊያየው የሚችለውን? ጥያቄው ከባድ ቢመስልም አንዳንድ ጊዜ የሚፈተነው አውራ ጣት በምታህል ሌንስ ነው።

አንድ የአዲስ አበባ አባወራ እናስብ። ለቤተሰቡ የመጀመሪያውን ቴሌስኮፕ ገዝቶ፣ ገናን ከእናቱ ጋር ሊያሳልፍ ወደ ሙጃ ይዞት ሄደ እንበል። ቦታውስ ቦታ ነው። የላስታ ምድር ከፍ ያለ፣ ሌሊቱም የጠለቀ ነው፤ ተራሮቹ ለትልቅ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ እስከ መጠናት ደርሰዋል።

ካርቶኑ ላይ «525 ጊዜ ያጎላል» የሚል ጽሑፍ በጉልህ ሰፍሯል። ውስጡ ዓይን የሚጠጋባቸው፣ እየተነቀሉ የሚለወጡ ሦስት ሌንሶች አሉ፤ ባለ 25፣ ባለ 10 እና ባለ 4 ሚሊ ሜትር። ስሌቱ ቀላል ነው። የቴሌስኮፑ የትኩረት ርቀት 700 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለሌንሱ ቁጥር ይካፈላል፤ ባለ 25ቱ 28 ጊዜ፣ ባለ 10ሩ 70 ጊዜ፣ ባለ 4ቱ 175 ጊዜ ያጎላል። 525 የሚገኘው በባለ 4ቱ ላይ ሦስት እጥፍ የሚያደርግ ሌላ ሌንስ ሲደረብ ነው። ይሁንና የፊት ሌንሱ ስፋት 70 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ፣ ከ140 ጊዜ በላይ ማጉላት ብዥታውን ማጉላት ነው።

አባወራው ግን ባለ 4ቱን ይመርጣል። ለእናቱ ትንሹን የሚሰጥ ማን አለ? በስንት መከራ ጁፒተርን ያገኛትና «እማዬ ነይ፣ ነይ እይ!» ይላል።

ምድር ትዞራለች። ስለዚህ ሰማዩ በየ4 ደቂቃው አንድ ዲግሪ ያህል ይሸሻል። በባለ 4ቱ ሌንስ የሚታየው ሰማይ ደግሞ የአንድ ዲግሪ ሢሶ እንኳ አይሞላም። እናት ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን ከጠባቧ ቀዳዳ እስኪያገጣጥሙ ጁፒተር ሄዳለች። የሚታያቸው ጨለማ ነው። የልጃቸው ድካም ትዝ ይላቸውና «አየሁ ልጄ፣ ተመስገን! እግዜር ይስጥህ» ይላሉ።

እንግዲህ ይህ ውሸት የማን ነው? የእናትየው ነው ብሎ መፍረድ ይከብዳል፤ እሳቸው የከፈሉት የይሉኝታ ዕዳ ነው። ዕዳውን ያመጣው ስጦታውን በገዛ ዓይኑ የለካው ልጅ ነው። መምህር «ገባችሁ?» ሲል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» የሚለውም ከዚሁ ዕዳ ነው። ሁላችንም ባላየነው ነገር «አየሁ» ያልንበት ቀን አለን።

«ታዲያ ለሰው ሲባል እውነት ማነስ አለባትን?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሰውን አይችልም ብሎ ጥቂቱን መስጠትም ንቀት ነውና። ነገር ግን ማነስና መስፋት አንድ አይደሉም። ጋሊሊዮ በ1610 እ.ኤ.አ. አራቱን የጁፒተር ጨረቃዎች ያየው 20 ጊዜ ያህል በሚያጎላ መሣሪያ ነበር፤ ያም ሁሉ ምድርን ይዞራል የሚለውን እምነት ለማናጋት በቃ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ በላሊበላ ሰማይ ላይ ቀለበት ስትሆንም፣ ሕዝቡ የተመለከታት ምንም በማያጎላ የግርዶሽ መነጽር ነው።

በባለ 25ቱ ሌንስ ጨረቃ ሙሉዋን ትታያለች። ሰባቱ ከዋክብት ዘለላቸው ሳይበተን ይገባሉ፤ በባለ 4ቱ ግን ዘለላነታቸው ይጠፋል። ጁፒተርም ከጨረቃዎቿ ጋር ለ7 ደቂቃ ያህል ትቆያለች፤ አያትም የልጅ ልጅም ተራቸው ይደርሳል። የሳተርንን ቀለበት አጥርቶ ለማየት፣ የጁፒተርን መቀነት ለመለየት ባለ 10ሩ ኋላ ይደርሳል። ጠባቡ ሌንስ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የሚያምርበት ግን ሰፊውን ላየ ሰው ነው።

ስለዚህ ለቤተሰብ የመጀመሪያው ሌንስ የትኛው ይሁን ቢባል፣ እናት ያለ ይሉኝታ «ኧረ እኔስ አላየሁም» ለማለት ፋታ የሚያገኙበት ይሁን። ያኔ ልጅየው ቴሌስኮፑን ጥቂት ገፋ አድርጎ እንደገና ያሳያቸዋል። ማየታቸውንም በምርቃታቸው አያውቅም። የሚያውቀው ዓይናቸውን ከሌንሱ ሳይነቅሉ «ከጎኗ ያሉት ሦስት ናቸው አራት?» ብለው ሲጠይቁት ነው።