ቀዩ ጫካ እና የእኛ ብር

ከመካነ ሰላም ብዙም የማይርቀው የደንቆሮ ጫካ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት፣ ዛሬ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ አካል የሆነው፣ በአንድ ዓይነት የሳተላይት ምስል ላይ ደም የመሰለ ቀይ ሆኖ ይታያል። የአካባቢው ገበሬ ምስሉን አይቶ «ይሄማ ውሸት ነው» ቢል አልፈርድበትም። አስታው አረንጓዴ መሆኑን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል።

ታዲያ ቀዩ ከየት መጣ? የሳተላይቱ ካሜራ የሰው ዓይን የማያየውን ብርሃን ጭምር ይለካል። ጤነኛ ቅጠል ይህን ብርሃን በብዛት ወደ ላይ ይመልሰዋል። ዓይናችን ለዚህ ብርሃን ቀለም ስለሌለው ባለሙያዎቹ ቀይን አዋሱት። ልኬቱ እውነት ነው፣ ቀለሙ ግን ስምምነት ነው።

ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን፣ 70 ኪሎ ያህል የምትመዝነውን ኢቲአርኤስኤስ-1ን፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና አመጠቀች። ያኔ ሁለት ዓይነት ተቃውሞ ይሰማ ነበር። አንደኛው «ሕዝቡ ሳይጠግብ ሳተላይት ምን ይሠራል?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ከላይ የሚመጣው ሥዕል ሁሉ በኮምፒውተር የተቀባ ነው» ይላል።

ለመጀመሪያው የተለመደው መልስ ሒሳብ ነው። ሳተላይቷ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደወጣባትና 6 ሚሊዮን ያህሉን ቻይና እንደሸፈነች በወቅቱ ተነግሯል። የእኛ ድርሻ ለሕዝቡ ቢካፈል በነፍስ ወከፍ 1 ብር አይሞላም። ይሄ መልስ ግን አያረካኝም። ብሩ ትንሽ መሆኑ ባለቤቱን አይቀይረውም። በክረምት ጭቃ ታማሚ በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ መካነ ሰላም ለሚወጣ ሰው «ያንተ ድርሻ ሳንቲም ናት እኮ» ማለት ነውር ነው። የሚገባው መልስ «ገንዘብህ ይህን አሳይቶናል፣ አንተም ልታጣራው ትችላለህ» የሚል ነው።

ሁለቱ ተቃውሞዎች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡን የሰጠ ሰው ምስሉ እንዴት እንደተሠራ የማወቅ መብት አለው።

እኔ ኮድ ጸሐፊ ነኝ። ከሳተላይት መረጃ ካርታ ስሠራ፣ አንድ ቦታ «አረንጓዴ» የሚባልበትን መነሻ ቁጥር የምመርጠው እኔ ነኝ። ቁጥሩን ከ0.3 ወደ 0.4 ከፍ ባደርገው ካርታው ላይ ደኑ ይሳሳል። መሬት ላይ ግን አንዲት ቅጠል አልረገፈችም። ደግሞ ይህ ስሌት ባሕር ዛፍንና አገር በቀል ደንን በቀላሉ አይለይም። ካርታው «አረንጓዴ ጨምሯል» ሲል፣ ገበሬው ባሕር ዛፍ ተተክሎ ምንጩ እንደቀነሰ ያውቅ ይሆናል። ያን ጊዜ ተጠራጣሪው የሳይንስ ጠላት ነው ልንል ነው? እንዲያውም ሳይንሱ የጎደለውን እየነገረው ነው።

«እንግዲያው ሁሉም ቅብ ነው» ማለት ግን ሌላ ስንፍና ነው። ሚያዝያ 2 ቀን 2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነውን የጥቁር ጉድጓድ ምስል አስታውሱ። ብርቱካናማው ቀለም የሰው ምርጫ ነው። ቴሌስኮፖቹ የለኩት ቀለም የሌለውን የሬዲዮ ሞገድ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ብቻ በዓመታት ውስጥ 28 ሚሊዮን ዶላር ያህል አውጥቶበታል። ቢሆንም አራት ቡድኖች ሳይነጋገሩ ለየብቻ ምስሉን ሠሩ፤ አራቱም ጋ ቀለበቱ ወጣ። መረጃውና ኮዱም ለሕዝብ ተለቀቀ። ቀለሙን ብትቀይሩት ቀለበቱ አይጠፋም። እኔን ያሳመነኝ የምስሉ ማማር አይደለም፣ ለምርመራ ክፍት መሆኑ ነው።

ከእኛ ተቋማትም የምፈልገው ይሄንኑ ነው። ምስሉ ሲለቀቅ ቀለሙ ምን እንደሚወክል በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ አንባቢው በሚገባው ቋንቋ አብሮ ይጻፍ። ጥሬ መረጃው ይከፈት። ከካርታው ላይ ጥቂት ነጥቦች ተመርጠው ሰው በእግሩ ሄዶ ይያቸው። ለዚህ ሥራ ቦረና ውስጥ ከገበሬው የተሻለ መሪ አይገኝም፣ መካነ ሰላም ላይ ደግሞ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ። ወጪው ከሳተላይት ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው። ይሄ ካልተደረገ ግን ገበሬው «ውሸት ነው» ሲል ምን ብለን እንደምንከራከረው አይታየኝም።