ብቻዬን ቀረሁ ያለው ነቢይ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ሰው በከተማ ሳለ ሞትን የሚያስበው በሌላው ላይ እንደሚደርስ ነገር አድርጎ ነው። በምድረ በዳ ግን ውኃው ሲያልቅ፥ መንገዱም ሲጠፋ ሞት ጐረቤት ይሆናል። ያን ጊዜ የሰው አሳብ ወዴት ይዞራል?

ነቢዩ ኤልያስን እንመልከት (1ኛ ነገ. ም. 19)። ንግሥቲቱ ኤልዛቤል ልትገድለው በዛተች ጊዜ እስከ ቤርሳቤህ ሸሸ። በዚያም ብላቴናውን ትቶ የአንድ ቀን መንገድ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ገባ። ልብ በሉ! ተስፋ የቆረጠ ሰው አስቀድሞ የሚለየው ከባልንጀራው ነው። ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦም ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር ግን አልተቈጣውም፤ መልአኩ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ እንዲበላ አደረገው፤ እንጎቻና ውኃም አቀረበለት። በዚያ ምግብ ኃይል 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጕዞ ኮሬብ ደረሰ። በኮሬብም ብቻዬን ቀረሁ ሲል ሁለት ጊዜ አመለከተ። የተሰጠው መልስ ሥራ ነበር፤ ተመልሶ አዛሄልን፥ ኢዩንና ኤልሳዕን እንዲቀባ ታዘዘ። ለበኣል ያልሰገዱ 7,000 ሰዎች እንዳሉም ተነገረው። ሞትን የለመነው ነቢይ ሲመለስ ደቀ መዝሙር አገኘ።

በ20ኛው መቶ ዓመትም ይህን የሚያስታውስ ነገር ሆኗል። ፈረንሳዊው አውሮፕላን ነጂና ደራሲ አንትዋን ደ ሴንት ኤግዙፔሪ እ.ኤ.አ. በ1935 መጨረሻ ከፓሪስ ወደ ሳይጎን ሲበር ከመካኒኩ ጋር በሊቢያ በረሃ ወደቀ። ሁለቱም ቢተርፉም የውኃው መያዣ ተሰብሮ ውኃው ፈሰሰ። ጥቂት ቡና፥ ጥቂት ወይን ጠጅና ጥቂት ፍራፍሬ ብቻ ቀረላቸው። በ1939 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ተረከው፥ ከጥማቱ ይልቅ ያስጨነቀው በአገር ቤት የሚጠብቁት ወዳጆቹ ሥቃይ ነበር። በአሳቡ የተቸገሩት እነርሱ፥ ሊደርስላቸው የሚገባውም እርሱ ሆነ። ስለዚህ ተነሥቶ ተራመደ። በመጨረሻም አንድ የማያውቃቸው የበረሃ ዐረብ ውኃ አጠጥቶ አዳናቸው።

ይሁንና ምድረ በዳ ሁሉን አያስተምርም። እስራኤል በበረሃ ሳሉ የናፈቁት የግብፅን የሥጋ ምንቸት ነው። የሞት ፍርሃት ልብን ሊያጠብ ይችላል። ልብ የሚሰፋው «የሚጠብቀኝ ማን ነው? የተጠማስ ማን ነው?» ብለን ስንጠይቅ ነው።

ወጣቶች ሆይ! በረሃ አሸዋ ባለበት ብቻ አይገኝም። በተማሪዎች መኝታ ቤት፥ በሰው መካከል ተቀምጦ መኖርን የጠላ ወንድም፥ መኖርን የጠላች እኅት አሉ። ወደ እነርሱ ስንሄድ ተግሣጽ አናስቀድም፤ መልአኩ ያስቀደመው ምግብና ውኃ ነውና። አብረናቸው እንብላ፥ እናዳምጣቸው፥ ብቻቸውንም አንተዋቸው። እኛም ከክትክታው ሥር በተቀመጥን ጊዜ ለባልንጀራችን ለመናገር አንፈር፤ የማናውቃቸው 7,000 አሉና።

ኤልያስን በበረሃ የመገበ አምላክ ሁላችንንም ይጠብቀን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።