ቀረጥ ጤናን ይሰጣልን?

ሕግ የሰውን እጅ ከክፉ ሥራ ሊያግድ እንደሚችል ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ፈቃዱን ወደ በጎ ሊመልስ ይችል እንደ ሆነ ግን ሊቃውንት ሲመራመሩበት የኖሩ ጥያቄ ነው። ይህም ምርምር በመጻሕፍት ብቻ ተዘግቶ የሚቀር አይደለም፤ በደሴ ከተማ በቧንቧ ውሃ ሠፈር አንድ ጠርሙስ ለስላሳ የሚገዛ ሰው በሚከፍለው ዋጋ ውስጥ መንግሥት የጣለው የኤክሳይዝ ታክስ ስላለበት፣ ገዢው ሳያስበው ከዚሁ ክርክር ውስጥ ይገባል።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 307 በለስላሳ መጠጥ ላይ 40 በመቶ ሲጥል ስሌቱን በማምረቻ ወጪ ላይ አድርጎ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ ምጣኔውን 25 በመቶ አድርጎ ስሌቱን ወደ ፋብሪካው መሸጫ ዋጋ አዛወረው። በአንዱ የኮላ ጠርሙስ ውስጥ ግን 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ይህም የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ጎልማሳ በቀን እንዳያልፈው ከሚመክረው 50 ግራም ገደማ ከግማሽ የሚበልጥ ነው። ታክሱ ዋጋን እንጂ ስኳርን ስለማይመዝን፣ ባለ ፋብሪካው ስኳሩን ቢቀንስ የሚያገኘው የታክስ ምሕረት የለም።

ቀረጥ ፍሬ ያፈራ እንደ ሆነ የሌሎች አገሮች ሥራ ምስክር ይሆናል። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2014 በእያንዳንዱ ሊትር ላይ 1 ፔሶ በጣለች ጊዜ የጣፋጭ መጠጥ ግዢ ቀነሰ፤ ብሪታንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ታክሱን በስኳሩ መጠን ልክ ስለ ደለደለችው፣ ብዙዎቹ አምራቾች ከታክሱ ለመዳን ሲሉ የመጠጣቸውን ስኳር ቀነሱ። ስለዚህ ቀረጥ ፍሬ አያፈራም ማለት ሐሰት ነው፤ ይሁን እንጂ የስኳር ሕመም በብዙ ዓመታት የሚመጣ በመሆኑ፣ የግዢ መቀነስ የጤና መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም።

ደሴ ያለችበት ወሎ ግን ራስን መግዛትን ከቀረጥ የተማረ አገር አይደለም። ክርስቲያኑ ረቡዕንና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንና ፍልሰታን ሲጾም፣ ሙስሊሙም የረመዳንን ወር ከጎሕ እስከ ፀሐይ መግቢያ ከእህልና ከውሃ ተከልክሎ ሲውል፣ በገንዘብ የሚያስገድዳቸው የለም። ነገር ግን ይህ ሁሉ ተግሣጽ ጠርሙሱን ሳይነካው ያልፋል፤ ሥጋም ወተትም የሌለበት ነውና በጾም ቀን ያለ ቅሬታ ይጠጣል፣ በማፍጠሪያም ማዕድ ይቀርባል። በዚህም ላይ የክብር ቦታ አግኝቷል፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በሠርግም በለቅሶም በማይለያዩበት አገር፣ ጠላና ጠጅ ለማይቀምስ እንግዳ ለስላሳ ማቅረብ የመከባበር ምልክት ነው። ይህን ፍቅር የሚነቅፍ ሰው ሊኖር አይገባም፤ ሆኖም ጠርሙሱ ከመምጣቱ በፊት ብርዝ፣ የሱፍ ውሃና አብሽ ይህንኑ ክብር ይሰጡ እንደ ነበር ሊዘነጋ አይገባም።

እንግዲህ ታክስ ጾምን ሊተካ አይችልም፤ ጾም ትሩፋት የሚሆነው በፈቃድ ሲፈጸም ነውና፣ ዋጋው ስለ ከበደው ብቻ ጠርሙሱን የተወ ሰው ፍትወቱን ድል ነሣ አይባልም። የሕግ ተግባር ግን ጻድቃንን መፍጠር ሳይሆን መሰናክልን ከመንገድ ማንሣት ነው፤ በተለይም ፈቃዳቸው ገና ስላልጸና ሕፃናት ማሰብ ይገባዋል። ስለ ነፃነት እየተከራከርን ጥርሳቸውንና ደማቸውን ለስኳር አሳልፈን ብንሰጥ፣ የተሰጠንን አደራ በላን ማለት ነው።

ነገር ግን ፍትሕ ሁለት ወገን አለው። ከባለጠጋውና ከድሃው እኩል የሚሰበሰብ ብር ለድሃው ይከብዳል፤ ስለዚህ ሕዝቡን ከጣፋጩ መጠጥ የሚከለክል መንግሥት ንጹሕ ውሃ የመስጠት ዕዳ አለበት። ውሃ በጠፋበት ሰዓት ጥሙን በጠርሙስ የሚቆርጥ ሰው የሚከፍለው ታክስ በሆዳምነት ላይ ሳይሆን በጥም ላይ የተጣለ ቅጣት ይሆናል። የታክሱ ስሌት ወደ ስኳሩ መጠን ቢዛወር፣ ገቢውም ለመጠጥ ውሃና ለስኳር ሕሙማን መድኃኒት ቢውል፣ ካህናቱና ሼኮቹም ስለ ጾም ሲያስተምሩ ስለ ስኳር ቢገሥጹ፣ ቀረጥ ጤናን ያሻሽላል ብሎ በሙሉ ልብ መመስከር ይቻላል፤ ይህ ሳይሆን የቀረ እንደ ሆነ ግን ግምጃ ቤቱ ሲሞላ ሐኪም ቤቱም አብሮ ይሞላል።